ኮዱን ለማን ሰጠሽው?

(በግራንድ ፕሬሪ በተካሄደው ዓመታዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የቦርዱ ሊቀመንበር ደውሎ «ስለ አባላት የኢንተርኔት መገናኛችን፣ እንዴት እንደሚገባበትና እንዴት እንደሚጠቀሙበት ሃያ ደቂቃ ተናገሪ» ሲለኝ ሳቅሁ። እኔ ነርስ ነኝ። ነርስነቱንም የተማርሁት እዚህ አገር ነው፤ ቀን ትምህርት፣ ማታ ሥራ እያልሁ። የኮምፒውተር ነገር ከሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሥራቸው እርሱ የሆነ ቢያንስ አራት ሰዎች አሉ። «እነርሱን ለምን አትጠይቅም?» አልሁት። «እነርሱ አልተሰረቁም፤ የምንፈልገው የተሰረቀበትን ሰው ነው» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ የምናገረው ከተሰረቀበት ሰው ወገን ሆኜ ነው። ወደ ስርቆቱ ከመሄዴ በፊት ግን በሩ ራሱ ለምን እንደተሠራ ትንሽ ልበል።

ሞጣ ላደግን ሰዎች የአባላት ብቻ የሆነ ነገር አዲስ አይደለም። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ገና ሳይነጋ ሲያልፍ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ይናገር ነበር። ጡሩንባውን መንገደኛም ይሰማዋል፤ በእድሩ የሚቆጠረው ግን ስሙ መዝገብ ላይ ያለው ነው። የእድሩ ዳኛ አባሉን በመልኩ፣ በአባቱ፣ በሰፈሩ ያውቀዋል። የይለፍ ቃል አላስፈለገውም።

በኢንተርኔት ግን መልክ የለም። ዛሬ እዚህ ከፊት የተቀመጡት ጋሼ በ1990ዎቹ እዚህ አገር ተማሪ ሳሉ ኒውስግሩፕ በሚባለው ይጽፉ እንደነበር አጫውተውኛል። ዩዝኔት የሚባለው የመልእክት መለዋወጫ እ.ኤ.አ. በ1979 በዱክና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታሰበ ነው። ጽሑፉ በርእስ በርእስ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ኒውስግሩፕ ይባላል፤ የኢትዮጵያ ጉዳይ የሚነሳበትም ነበረ። አገር ቤት ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ስለሆነ፣ ያኔ የሚጽፈው ባብዛኛው ውጭ ያለው ተማሪና መምህር ነው። ጋሼ ሲያወሩ ሁለት ነገር ያነሳሉ። አንደኛው፣ በብርድ ሌሊት የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ክፍል ቁጭ ብሎ ስለ አገር የተጻፈ አንድ ገጽ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስደስት ነው። ሁለተኛው ስድቡ ነው። በሩ ክፍት ስለነበረ ማንም በፈለገው ስም ገብቶ ይጽፋል፤ የሚሳደበው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰው ከዚያ እየሸሸ ነው ወደ አባላት ብቻ የሄደው፤ ስምህን የሚያውቅ አስተባባሪ ካልተቀበለህ የማትገባበት ቡድን።

የእኛም ማኅበር መጀመሪያ የተገናኘው በእንዲህ ዓይነት የኢሜይል ቡድን ነው። እዚያ ላይ ያጠፋነው ጥፋት ዛሬም ያናድደኛል። ቡድኑን የከፈተው ወንድማችን በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ነበር የከፈተው፤ ሌላ አስተባባሪ አልሾምንም። ሥራ ሲቀይር አድራሻው ተዘጋ። የይለፍ ቃሉን ለመለወጥ የሚላከው መልእክት የሚሄደው ወደዚያው ወደተዘጋው አድራሻ ነው። ሣጥኑን የሚከፍተው ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ተቆለፈ ማለት ነው። የስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ፣ የመጻሕፍት መግዣ መዋጮ ዝርዝር፣ የሞቱ አባቶቻችን የጻፏቸው ደብዳቤዎች እዚያ ቀሩ። በወንድማችን አልፈርድም። አንድ ሰው ብቻ ቁልፍ እንዲይዝ የተስማማነው ሁላችንም ነን።

አሁን ወደ 2021 ልውሰዳችሁ፤ እ.ኤ.አ. ነው። ፌብሩዋሪ ላይ ቴክሳስን የመታው በረዶ የማያስታውስ እዚህ ያለ አይመስለኝም። መብራት ከጠፋባቸው ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መካከል የብዙዎቻችን ቤት ነበረበት። በዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ቅዝቃዜው ማክሰኞ ጠዋት ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ። የአባላት ግሩፓችን እንደዚያ ሳምንት ሠርቶ አያውቅም። መብራት ያለው ቤቱን ይከፍታል፣ የጋዝ ምድጃ ያለው ሾርባ ይሠራል፣ ፒክአፕ ያለው ሰው ያመላልሳል። እኔም ሰኞ ጠዋት በአማርኛ ማስጠንቀቂያ ጻፍሁ፦ ከሰል ቤት ውስጥ አታቀጣጥሉ፣ መኪና ጋራዥ ውስጥ አታስነሱ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ እንቅልፍ መስሎ ይወስዳል። በዚያው ሳምንት ሂዩስተን ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናትና ትንሽ ልጇ ጋራዥ ውስጥ ለሙቀት በተነሳ መኪና ጭስ ሞተዋል። ዜናው በኋላ በሰፊው ተጽፏል፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

አርሊንግተን የሚኖሩ እማማ አሉን። እዚህ ስላሉና ስለፈቀዱልኝ ነው የማወራው። መዝገባችን ላይ ስማቸው አለ፤ መዋጯቸውንም አንድ ወር አጓድለው አያውቁም። ከስማቸው ፊት ያለው ስልክ ቁጥር ግን የልጃቸው ነው። ልጁ የሚኖረው ሌላ ስቴት ነው። «እናቴ ስልክ አትችልም» ብሎ በራሱ ቁጥር አስገብቷቸው፣ ቁምነገር ሲኖር እየደወለ ይነግራቸው ነበር። በዚያ ሳምንት ግሩፑ ላይ በቀን ከመቶ በላይ መልእክት ሲፈስስ እርሱ ሥራ ላይ ነበር፤ ድምፁን ዘግቶታል። እኛ ስማቸውን ዝርዝሩ ላይ እያየን «አንብበዋል» ብለን አለፍን።

ረቡዕ አንድ ሰው «እማማን ያያቸው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አላየም። ወንድማችን በፒክአፑ ወሰደኝ። በሩን ሲከፍቱልኝ ሁለት ጋቢ ደራርበዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ከበስተኋላቸው ሳሎኑ መሐል የቡና ከሰል ማንደጃው ተቀምጦ ከሰል ተሞልቶበታል። ክብሪት ፍለጋ ላይ ነበሩ።

እኔ የጻፍሁት ማስጠንቀቂያ ሁለት ቀን ሙሉ ግሩፑ ላይ ነበረ። በቋንቋቸው ነበረ። እርሳቸው ግን ውስጥ አልነበሩም።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ልጄ ያነብልኛል» ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ሆስፒታል ውስጥ የልጅን አስተርጓሚነት አንወድም፤ ልጅ የሚከብደውን ይዘላል፣ የሚያሳፍረውን ይሸፍናል። ግሩፕም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ አባል በራሱ ቁጥር ይግባ። እማማ ዛሬ በራሳቸው ቁጥር አሉ፤ ድምፅ ቀድተው ነው የሚልኩት፤ ረጅም ነው፣ ግን እናዳምጣለን።

አሁን የእኔ ስርቆት።

የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ በእኛ አቆጣጠር፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብዬ መስተዋቱ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ። ከማውቃት የማኅበራችን አባል መልእክት መጣ፦ «እህቴ፣ በስህተት ኮድ ወደ አንቺ ስልክ ተልኳል፣ ቶሎ ላኪልኝ»። ወዲያው ስድስት አሃዝ ያለው የጽሑፍ መልእክት ገባ። ላክሁላት። ቤት ደርሼ ስልኬን ስከፍት ከመተግበሪያው ወጥቻለሁ። አልጠረጠርሁም፤ ተኛሁ።

የሆነው ይህ ነው። መተግበሪያው ስልክ ቁጥራችንን እንጂ ፊታችንን አያውቅም። ሌባው በራሱ ስልክ ላይ የእኔን ቁጥር ጻፈ። መተግበሪያው «የቁጥሩ ባለቤት ከሆንህ ወደ ቁጥሩ የላክሁትን ኮድ ንገረኝ» አለው፤ ኮዱም ለእኔ መጣ። እኅታችን ብዬ የሰጠሁት ለሌባው ነው፤ የእርሷ አካውንት ከእኔ አንድ ቀን ቀድሞ ተሰርቋል። እኔ ተኝቼ ሳለሁ በእኔ ስምና በእኔ ፎቶ ግሩፑ ውስጥ ገብቶ «ወንድሜ ሞጣ ላይ መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ነው፣ እስከ ማታ ገንዘብ አጥሮኛል» ብሎ ለአንድ ለአንድ ሰው ጻፈ። ነርስ ናት፣ የሆስፒታል ነገር ታውቃለች፣ ማን ይጠራጠራል? አንዲት ልጅ እግር አባላችን 600 ዶላር ላከች። ገንዘቡ ወዲያው ሄደ፤ አልተመለሰም። በወር በወር እየከፈልኋት ጨርሻለሁ፤ እርሷ አልቀበልም ብትልም።

ሌባውን የያዙት ጋሼ ናቸው። ስለ ኮምፒውተር በማወቃቸው አይደለም። መልእክቱ «ጋሼ እንደምን ነህ፣ ትንሽ ብር ላክልኝ» ይላል። እኔ ጋሼን አንተ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ነው የምላቸው። እናንተ የጎጃም ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳችሁ ዘንድ አያስፈልግም። ጋሼ ቁጣቸው መጣ፤ «ይህች ልጅ ታማለች ወይስ ጠግባለች» ብለው ደወሉ። መተግበሪያው ላይ አይደለም የደወሉት፣ በተራው ስልክ ነው። ከእንቅልፌ ቀሰቀሱኝ። ድምፄን ሰምተውም አላመኑም። «የአባትሽ እናት ማን ይባላሉ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «እንግዲያው ተሰርቀሻል፣ ተነሺ» አሉኝ።

ይህን ሳስብ ይገርመኛል፤ ጋሼ ያደረጉት እኔ በየሌሊቱ የማደርገውን ነው። መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት አልጋ ቁጥሩን አይቼ አልሰጥም። ስምዎን ይንገሩኝ፣ የተወለዱበትን ቀን ይንገሩኝ እላለሁ፤ ሁለት መለያ። ሐኪም በስልክ ትእዛዝ ሲሰጠኝ ጽፌ መልሼ አነብለታለሁ። በሽተኛውን ለሦስተኛ ሌሊት እየተንከባከብሁት ቢሆንም እንኳ እጠይቃለሁ። በሥራዬ ይህን ሁሉ የማደርግ ሰው፣ በስልኬ ላይ ግን ፎቶ አይቼ ብቻ ቁልፌን ሰጠሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ስልካችሁን አውጡ፤ አሁኑኑ ባይሆንም ከምሳ በኋላ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውን ክፈቱ። ዋትስአፕ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ አካውንት የሚለው ሥር ነው፤ ስድስት አሃዝ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፤ የልደት ዓመታችሁን አታድርጉት። ቴሌግራም ላይ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ሥር ነው፤ እርሱ የይለፍ ቃል ነው የሚጠይቃችሁ። ሁለቱም መጠባበቂያ ኢሜይል አስገቡ ይላሉ፤ አስገቡ፤ ግን የመሥሪያ ቤት ኢሜይል አይሁን፣ የኢሜይል ቡድናችንን አስታውሱ። ይህ ካለ ሌባው በጽሑፍ የመጣውን ኮድ ቢያታልላችሁም ሁለተኛውን ቁጥር አያውቀውም።

ሌላው፣ አካውንታችሁ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ተመልከቱ። አንድ አባላችን ባለፈው ዓመት ሸጦት የነበረ ላፕቶፕ ላይ አሁንም ግሩፓችን ክፍት ሆኖ አገኘነው። የማታውቁትን አስወጡ።

ከተሰረቃችሁ አትፈሩ፣ አትፈሩም ስል አትተኙ ማለቴ ነው። ወዲያው በራሳችሁ ስልክ ቁጥራችሁን እንደገና አስገቡ፤ ኮዱ የሚመጣው ለእናንተ ነው፤ ስታስገቡት ሌባው ይወጣል። ዋትስአፕ ላይ እርሱ ቀድሞ ስድስት አሃዙን መርጦ ከሆነና ኢሜይል ከሌላችሁ ሰባት ቀን ትጠብቃላችሁ፤ በዚያ ጊዜ እርሱም አይጠቀምበትም። ያን ቀን ለሦስት ሰዎች በስልክ ደውሉ፤ እነርሱ ለሌላው ይናገሩ። ማፈር አያስፈልግም። እኔ አፍሬ ሁለት ሰዓት ዘግይቼ ነው ለቦርዱ የነገርሁት፤ ገንዘቡ የተላከው በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው።

ገንዘብ የጠየቀ ሰው ሁሉ ይደወልለት። ድምፅም ዛሬ በማሽን ይመሰላል ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። ስለዚህ የጋሼን ጥያቄ ጠይቁ፤ የአያቱን ስም ፌስቡክ ላይ የጻፈ ሰው ብዙ የለም።

አሁን ደግሞ በዚያ ወገን ስላሉት። ከሞጣ ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረውን ሰባራ ድልድይ ታውቁታላችሁ። መካከሉ ከተሰበረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 እስኪጠገን ድረስ፣ ሰው ዓባይን የሚሻገረው በገመድ ነበር፤ በሁለቱም ወገን ጎልማሶች ቆመው ገመዱን ይይዛሉ፣ ይስባሉ። አንዱ ወገን ብቻ ቢይዝ ተሻጋሪው ወንዝ ውስጥ ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችሁም በቤተሰባችሁ በኩል ቀምሳችሁታል። በዚያ ጊዜ አንድ ነገር ሆነ፤ ያኔ አልገባንም። የሞጣ ኮሚቴ አባሎቻችን አንድ በአንድ «ግሩፑን ለቅቀዋል» የሚል ማስታወቂያ መጣ። እዚህ ያለን ሰዎች ምን አልን? «ተቀየሙ።» «የገንዘቡ አከፋፈል አልተስማማቸውም።» እንዲያውም አንዱ ከሌላው ጋር ቃል ተለዋወጠ፤ የማን ንግግር እንዳስቀየማቸው ለማወቅ።

ማንም አልተቀየመም። ዋትስአፕ 120 ቀን ያልተጠቀሙበትን አካውንት ይሰርዛል፤ አካውንቱ ሲሰረዝ ሰውየው ከግሩፑ ይወጣል፤ እኛ የምናየው ግን በፈቃዱ እንደወጣ ነው። ኢንተርኔት ሲመለስ የእኛ ሰዎች በሩ ተዘግቶባቸው አገኙት፤ እነርሱም በበኩላቸው «አስወጡን» ብለው አዘኑ። ለአራት ወር የተላከውን የመድኃኒት መግዣ የሚያረጋግጥልን ሰው ጠፍቶ ገንዘቡ እዚሁ ባንክ ተቀመጠ። በተራ ስልክ አንድ ጊዜ ደውለን ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ይገባን ነበር። ሰዓቱ በክረምት ዘጠኝ፣ በበጋ ስምንት ሰዓት ይለያያል፤ እኔ ከሥራ ስወጣ እዚያ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰበብ የለኝም።

ስለዚህ ለቦርዱ ያቀረብሁት ይህ ነው። አስተባባሪው ሦስት ይሁን፤ አንዱ ሞጣ ይኑር። የአባላት ስልክ በወረቀት ይታተም፤ በየመስከረሙ ይታደስ። ከአገር ቤት አንድ ሰው ከግሩፕ ወጣ የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ከመፍረዳችን በፊት አንድ የተመደበ ሰው ይደውል። ወደ ግሩፑ የሚመለስም ሆነ አዲስ የሚገባ ሰው የሚያውቀው አንድ አባል በድምፅ ይመስክርለት፤ ሊንክ ለማንም አይላክ።

አንድ የቀረኝ አለ፤ እንደ ነርስ ሆዴን የሚበላኝ። በግሩፑ ላይ የታመመ ልጅ ፎቶ፣ የምርመራ ወረቀት ከነስሙ እየተለጠፈ መዋጮ ይጠየቃል። ልባችሁ ቅን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ ሂፓ የምንለው። ሕጉ የእኛን ግሩፕ አይገዛም፤ የሚገዛው እኔን ሥራዬ ላይ ነው። ነገር ግን ያች ልጅ ነገ አድጋ ስልክ ስትይዝ ሁለት መቶ ሰው ስልክ ውስጥ የቆሰለ ገላዋን ታገኘዋለች። የአባላት ብቻ የሚለው ቃል አያታልላችሁ፤ አንድ ስክሪንሹት ካነሱት ወጣ ማለት ነው። ማስረጃው ለሦስቱ አስተባባሪዎች ይላክ፤ እነርሱ አይተው «እውነት ነው፣ ይህን ያህል ያስፈልጋል» ይበሉን። እኛ እናምናቸዋለን፤ ካላመንናቸውማ ለምን መረጥናቸው?

ምሳው እንዳይቀዘቅዝ እዚህ ላቁም። ከምሳ በኋላ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ስልካችሁንና መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መጠባበቂያ ኢሜይል የሌለው ካለ እዚያው እንከፍታለን። ልጆቻችሁ መጥተው መርዳት ይችላሉ፤ በአፍ ብቻ እንጂ የእናታቸውን ስልክ ከእጇ እንዳይነጥቁ። የምትመርጡትን ቁጥር ለእኔም አታሳዩኝ፤ ስታስገቡ ፊቴን አዞራለሁ። አንደኛውን ተራ የአርሊንግተኗ እማማ ቀድመው ይዘውታል።